በእግርህ እስክትቆም

እንድሪያስ ከጣሪያ በወደቀበት ረፋድ ሰገነት ሻንጣዋን ሸክፋ፣ አልዘጋም ያላትን ዚፕ በጉልበቷ ተጭና እየጎተተች ነበር። ባሏን ጥላ ልትሄድ ነው። ይህን የሚያውቁት ልጇና ከግቢው ውጭ መኪና አቁሞ የሚጠብቃት የልጇ ባል ሩዋይ ብቻ ነበሩ።

መጀመሪያ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎ እንደ ጆንያ እህል ዱብ ያለ ነገር፤ ከዚያ ዝምታ። ብቅ ስትል ባሏ በእሷና በግቢው በር መካከል መሬት ላይ ተዘርግቷል። የወርክሾፑን ጣሪያ ሊደፍን የወጣበት መሰላል እንደተደገፈ ቆሟል። ግራ እግሩ ወደ ውጭ ተጠማዞ ከቀኙ አጥሮ ይታያል። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም።

ሻንጣው እጇ ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያ ሐሳቧ፣ በየት በኩል ዞሬ ልለፈው የሚል ነበር።

ሰገነት ድሮ እንዲህ ያለች ሴት አልነበረችም። የደቡብ ሱዳን ሰላም ከተፈረመ በኋላ ጁባ የእጅ ሙያ ያለውን ሰው ሁሉ ስትጠራ፣ ባልና ሚስቱ አንዲት ሴት ልጃቸውን ሔርሜላን ይዘው ከሆሳዕና መጡ፤ ኒምራ ታላታ በሚባል ሰፈር ግቢ ተከራዩ። እሱ አናጢ ነውና እዚያው ግቢ ውስጥ በርና መስኮት መሥራት ጀመረ። እሷ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዳር ለነጋዴውና ለተሸካሚው ምሳ የምታቀርብበት ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። እሑድ እሑድ ሦስቱም የሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እንድሪያስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር፤ ሲጸልይ ማይክራፎን አያስፈልገውም ይሉት ነበር።

ነገር የተበላሸው ሔርሜላ ሩዋይን ላግባ ስትል ነው። ሩዋይ ኑዌር ነው፤ ጋምቤላ በስደት ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ አማርኛው ከእንድሪያስ አማርኛ የጠራ፣ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የሚሾፍር ልጅ። እንድሪያስ ልጁን ለቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪ አጭቷት ነበር። "ልጄን በከብት አልለውጥም!" ብሎ ሩዋይን ከበር መለሰው። በኑዌር ወግ ለሙሽራ ቤተሰብ ከብት ይሰጣል፤ ሩዋይ ግን አንዲት ጥጃ እንኳ አልነበረችውም። ሔርሜላ አንድ ጠዋት ልብሷን በፌስታል ይዛ ጉዴሌ በሚባል ሰፈር፣ ሩዋይ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲያ ስሟ በዚያ ቤት እንዳይጠራ ተከለከለ።

ሔርሜላ አርግዛ ምጥ የያዛት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሩዋይ ለሥራ ቦር ከተማ ሄዷል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ የጉዴሌን መንገድ ጭቃ አድርጎት ቦዳቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ድርሽ አላለም። አባቷ ሳንቃ የሚጭንበት አሮጌ ፒካፕ ነበረውና ለእናቷ ደወለች። ሰገነት ግን ስልኳን ጄኔሬተሩ አጠገብ ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ ለባሏ አደራ ብላ የሴቶች ጸሎት ሄዳለች። ስልኩ ተነሳ። ሔርሜላ ጮኸች። ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ስትሞክር ጨርሶ ጠፍቷል። ጎረቤቶቿ በእጅ ጋሪ ገፍተው ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞቷል።

ሰገነት ይህን የሰማችው ሩዋይ ምግብ ቤቷ መጥቶ፣ ደንበኞቿ መሐል ቆሞ ሲነግራት ነው። ቤቷ ሄዳ ባሏን ጠየቀችው።

"አንስቼዋለሁ፤ ድምፅ የለውም። ኔትወርክ ነው" አላት።

"ታዲያ ለምን ጠፋ?"

"ባትሪው ነዋ!"

ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ ባትሪው ያልቃል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰውየው ጋር አንድ ማዕድ አልቀረበችም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሷም ቂሙን መተው ቢያቅታት ጸሎቱን ተወችው። በመጨረሻም ሻንጣዋን አወጣች።

እና አሁን ሰውየው በሯ ላይ ተጋድሞባታል።

ጮኸች፤ ጩኸቷን ሰምቶ ሩዋይ ገባ። እንደ ሰምበሌጥ ረጅም ነው፤ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ እንድሪያስ ትከሻ ሲሰድ ያ ድምፅ የከዳው ሰው ድምፅ አገኘ።

"አትንካኝ! አንተ እጅህን እንዳታሳርፍብኝ!"

ሩዋይ ሁለት እጆቹን አነሳ። "እሺ ጋሼ፣ አልነካዎትም" አለና ሄዶ የሳንቃ ክምር ላይ ተቀመጠ። እውነትም አልነካው። ፀሐይዋ ከፍ አለች። የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀው "ማሌሽ፣ ማሌሽ" እያሉ ያጽናናሉ፤ የሚያነሳ ወንድ ግን በሰፈሩ አልነበረም። እንድሪያስ ለመነሳት ሞከረና እንደ በግ ጮኸ። ሩዋይ አልተነሳም። ሰገነት ከሁለቱ መሐል ቆማ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች፤ የአማቿ ፊት ላይ ያየችው ነገር አስፈራትም፣ ደስም አላት።

ብዙ ከቆየ በኋላ እንድሪያስ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። "በይው ያንሳኝ" አላት።

"እዚሁ ነው ያለው። ለራሱ ንገረው።"

"በይው አልኩሽ!"

ሩዋይ ተነሳ። ለደንበኛ ተሠርቶ ያለቀ አንድ በር ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ እሱን መሬት ላይ አጋደመና እንድሪያስን በብብቱ ይዞ እየጎተተ እንደ ቃሬዛ በላዩ ላይ አወጣው። አልተቻኮለም፤ አልሳሳለትም።

*

የዳሌው መገጣጠሚያ ተሰብሯል። ራጁን ያየው ሐኪም "ይህ በጀሶ የሚድን አይደለም" አለ። ወጌሻ እናምጣ ያሉም አልጠፉ። እንደ ዕድል ሆኖ ከውጭ የመጡ የአጥንት ሐኪሞች አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ያክሙ ስለነበር እዚያ ተኛ፤ የተሰበረውን አውጥተው ብረት ተኩለት።

ቀዶ ጥገናው ሲሠራ ሰገነት ከክሊኒኩ ውጭ የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር። ሌሎች አስታማሚዎች ይጸልያሉ። እሷ ከማደንዘዣው ባይነቃስ ብላ አሰበች። ያን ማሰቧ ራሱ አላስደነገጣትም፤ ያስደነገጣት ተከትሎ የመጣው ሐሳብ ነው፦ አይሆንም፣ መንቃት አለበት፤ ሳይመልስልኝ ወዴት ይሄዳል?

ነቃ። የክሊኒኩ ፊዚዮቴራፒስት ክርስቲና የምትባል ጋምቤላ ያደገች ወጣት ናት። የውጭዎቹ ሐኪሞች የሚሉትን በአማርኛ እየመለሰች ታስረዳለች።

"እግሩን አያነባብር። ዝቅ ያለ ነገር ላይ አይቀመጥ፤ ቁጢጥ የሚባል ነገር እርም ነው፣ ብረቱ ይወልቃል። ሲተኛ በሁለቱ እግሮቹ መሐል ትራስ ይደረግለት። ይህን ፈርቶ ደግሞ ካልተንቀሳቀሰ ደሙ ይረጋል፣ ጀርባው ይቆስላል። በየቀኑ መቆም፣ በየቀኑ መራመድ አለበት። ማን ነው ቤት የሚያስታምመው?"

ሊጠይቁ የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁሉ ሰገነትን አዩ።

"እኔ" አለች።

እንድሪያስ ጣሪያውን እያየ፣ "ሌላማ ማን አለ" አለ። ምስጋናው ይኸው ነበር።

ውጭ ወጥታ ለሔርሜላ ደወለች። ባሏን ልታስታምም እንደሆነ ነገረቻት።

"አትመጪም ማለት ነው?" አለች ልጇ።

"እስኪቆም ድረስ ነው ልጄ። ሽንቱን የሚያሸናው የሌለውን ሰው እንዴት..."

"እኔንስ ማን አነሳኝ?"

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሔርሜላ አልደወለችም፤ ስትደውልላትም አታነሳም።

*

ቤት ሲመለሱ የመጀመሪያው ጣጣ መጸዳጃው ሆነ። ቁጢጥ ካልተባለ ጉድጓድ ሽንት ቤት አይገባም። ሰገነት ገበያ ውስጥ ረፊቅ የሚባል የዳርፉር አናጢ ለምና መሐሉ ቀዳዳ የሆነ፣ ሥሩ ባልዲ የሚገባበት ከፍ ያለ ወንበር አሠራች። ረፊቅ የአልጋ ሠሪ ነውና ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ሆኖ ይነቃነቅ ነበር።

"ይሄንን ሰው አናጢ ብሎ የጠራው ማን ነው?" አለ እንድሪያስ ገና ሲያየው። "በዚህ ላይ ተቀምጬ ሌላውን ዳሌዬን ልስበር?"

"አንተ ተነስተህ ሥራው ታዲያ።"

በዚህ አኳኋን ኑሮ ተጀመረ። ጠዋት ታጥበዋለች፣ ስፌቱን ታየዋለች፣ ባልዲውን ትደፋለች፣ ከዚያ በቦዳቦዳ ምግብ ቤቷ ትሮጣለች። እሱ ከመኝታው ሆኖ የማያወጣው እንከን የለም። ውሃው ቀዝቅዟል። ሾርባው ጨው በዝቶታል። ትራሱ አንገቱን አሳምሞታል። "ሆን ብለሽ ነው" ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነበር። ውሃውን ሆን ብላ አቀዝቅዛ ታውቃለች።

እግሩን ይዛ ስታንቀሳቅስለት ትጠይቀዋለች። ክርስቲና እንዳሳየቻት ተረከዙን በአንድ እጇ፣ ጉልበቱን በሌላው ይዛ ቀስ አድርጋ እያጠፈች፣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ።

"ያን እሑድ ስልኩን ስታነሳ ምን ሰማህ?"

"ኔትወርክ ነው አልኩሽ።"

"ምን ሰማህ?"

"እግሬን በደንብ ያዥ!"

ማናህሎሽ፣ የሴቶች ኅብረት መሪዋ፣ ብርቱካን ይዛ ትመጣለች። "እህት ሰገነት፣ ጌታ እኮ ዓላማ አለው" አለች አንድ ቀን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተደላድላ። "እናንተን ሊያስታርቅ ብሎ ነው ይህን ያደረገው።"

"ጌታ ሰው ከጣሪያ ይጥላል?" አለች ሰገነት።

"ውይ፣ አንደበትሽ!"

"አንደበቷን ተያት፤ እጇን ባየሽ" አለ እንድሪያስ። "እንደ ሬሳ ነው የምታገላብጠኝ።"

"ሬሳ ቢሆን አይሳደብም ነበር።"

ማናህሎሽ እንደ ቀልድ ወስዳው ሳቀች። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ያን ቀን እንግዳዋ ስትወጣ ሰገነት አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ሻንጣዋን ሳበችና ባሏ በሚያየው ቦታ፣ ግድግዳው ሥር አቆመችው።

"ስማኝ" አለችው። "የወደቅህ ቀን ልሄድ ነበር። ሩዋይ በር ላይ የቆመው ለእኔ ነው። የተኛ ሰው ጥላ ሄደች አልባልም፤ ለራሴም አልለውም። በእግርህ የቆምህ ቀን ግን እሄዳለሁ። ስለዚህ ቶሎ ቁም።"

እንድሪያስ ሻንጣውን አየው። "ሂጂ፣ ማን ያዘሽ" አለ። ድምፁ ግን እንደ ቃሉ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እንደ እሷ የበረታች አስታማሚ ኒምራ ታላታ አላየም። ሲነጋ ብርድ ልብሱን ከላዩ ትገፋለች። "ተነስ!" ክራንቹን በብብቱ ታስገባለች። "እርገጠው! ብረት ነው፤ አይሰማውም፣ እርገጠው!" እሱ ይጮኻል፣ ያልባል፣ ይረግማታል። እሷ ቀበቶውን ከኋላ ጨብጣ እስከ ወርክሾፑ ደጃፍ ትነዳዋለች። ጎረቤቶቿ "ይህች ሐበሻ ባሏን እንዴት ብትወደው ነው" ይባባሉ ነበር። የሰገነት ክንድ ጠነከረ፤ በእንቅልፏ ሳይቀር "እርገጠው" ትል ጀመር።

መጀመሪያ ላይ ለውጥ ነበረው። ከአልጋ በራሱ ይወርድ ጀመር፤ በክራንች ግቢውን ይዞራል። በኋላ ግን ነገሩ እየተመለሰ መጣ። ጉልበቴ ከዳኝ ይላል። ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደ ጆንያ ይዝላል። ጭራሽ ከአልጋ የሚያወርደው ሰው ይፈልግ ጀመር። ከተማው ለነፃነቱ ሪፈረንደም ምዝገባ ተሰልፎ፣ በየጎዳናው ሲዘፈን፣ እንድሪያስ ግድግዳ አቅፎ ተኝቷል።

ሰገነት ክሊኒክ ወሰደችው። ክርስቲና እግሩን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ራጁን ብርሃን ላይ ይዛ አየች። ከዚያ ሰገነትን ወደ ውጭ ጠርታ፣ "እትዬ፣ እኔ አልገባኝም" አለቻት። "አጥንቱ ጥሩ ነው። ጡንቻውም አልቀነሰም፤ እንደውም ጠንክሯል። የማይራመድ ሰው እግር እንዲህ አይሆንም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

ክርስቲና ትከሻዋን ነቀነቀች። "ምናልባት ፈርቶ ይሆናል።"

መልሱ የተገኘው በዚያው ሳምንት ነው። ሰገነት ባልዲውን ልታወጣ ወንበሩን ስትገፋ እንደ ሁልጊዜው ይነቃነቃል ብላ ጠበቀችው። አልተነቃነቀም። ተጫነችው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎንበስ ብላ አጭሩን እግር አየች። ሥሩ ላይ አዲስ እንጨት ተቀጥሎበታል፤ መጋጠሚያው ምላጭ አያስገባም፤ ዳር ዳሩ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሷል። ረፊቅ እንዲህ ያለ ሥራ ሕልሙም አይደለም። ጁባ ውስጥ እንዲህ አድርጎ እንጨት የሚገጥም አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች፤ እሱም አልጋው ላይ ተኝቶ "ጨርሰሽ አትመጪም እንዴ?" እያለ ይጣራል።

ምንም አላለችም። ባልዲውን ደፋች፣ እጇን ታጠበች፣ እንደ ወትሮው ወደ ገበያ ወጣች። በሚቀጥለው መንገድ ዞራ በጎረቤት ግቢ ተመለሰችና በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ብዙም አልጠበቀች። እንድሪያስ ከቤት ወጣ። ክራንቹን እንደ ጃንጥላ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎታል። ትንሽ እያነከሰ ግቢውን አቋርጦ ወርክሾፑ ገባ፤ መላጊያውን አነሳ፤ ቆሞ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ እንጨት ይልግ ጀመር። ያፏጫል። የመዝሙር ዜማ ነበር።

በዋናው በር ገባች። ፉጨቱ ተቋረጠ።

"ቆመሃል" አለች።

እንድሪያስ መላጊያውን አላስቀመጠም። ለማፈር ጊዜ አላጠፋም፤ ቀጥታ ወደ ቁጣው ሄደ። "ብቆምስ? ቆምኩ ብዬ ልንገርሽና ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ውጪ? ሞኝ አደረግሽኝ?"

"ስንት ጊዜ ሽንትህን ደፋሁ? መቆም እየቻልህ ስንት ጊዜ?"

"ሚስቴ ነሽ! ግዴታሽ ነው!"

"እውነት ነው፣ ነበር" አለች። ወደ ቤት ገባች።

ሻንጣው እንደተሸከፈ ስለነበር የሚያቆያት አልነበረም። ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቃት። ክንዷን ያዘ፤ ያ እሱን ስትጎትት የጠነከረ ክንዷ እጁን አሽቀነጠረው።

"ያለ እኔ በዚህ አገር ማን ያውቅሻል? ማን ነሽ አንቺ? እዚያ ሄደሽ የማን ገረድ ልትሆኚ ነው?"

"ዞር በል።"

"ሰገነት! አንቺ! እየተናገርኩሽ እኮ ነው!"

ግቢውን አልፋ መንገድ ላይ ወጣች። ተከተላት። ክራንቹን ወርክሾፑ ረስቶታል። እየጮኸ፣ እያነከሰ፣ በአቧራው መሐል በእግሩ ይከተላታል። በዚህ መሐል ማናህሎሽ የምሳ ሰሐን ተሸክማ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። እንድሪያስን ባየች ጊዜ ሰሐኑን መሬት አስቀምጣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

"ሀሌሉያ! ቆመ! በኢየሱስ ስም፣ ያለ ክራንች! እህት ሰገነት፣ ነግሬሽ አልነበረም?"

የሰፈሩ ሴቶች ወጡ፤ አንዷ እልል አለች። እንድሪያስ በእልልታው መሐል እጁን ወደ ሚስቱ እየጠቆመ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ማናህሎሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አላስወራ አለችው። ሰገነት ቦዳቦዳ አስቆመች። ሻንጣውን ታፋዋ ላይ አደረገች።

"ጉዴሌ" አለችው ነጂውን። ወደ ኋላ አላየችም።

*

ሔርሜላ በሩን ከፈተች። እናቷን አየች፣ ሻንጣውን አየች፤ ከበሩ ላይ ግን ዞር አላለችም። ከስታለች። ዓይኖቿ ከድሮው ይልቅ ትልልቅ ሆነዋል።

"ዳነ?" አለች።

"ቆሟል።"

"ደህና አድርገሽ አስታመምሽዋ። እኔ ጡቴ ወተት ሞልቶ፣ የሚጠባው ሳይኖር ሲያነድደኝ፣ አንቺ የእሱን ዳሌ ታሻሺ ነበር።"

ሩዋይ ከኋላ መጥቶ ሻንጣውን ከሰገነት እጅ ተቀበለና፣ "ይግቡ እማማ" አላት። ገባች። ገባች እንጂ ያልተጠራች እንግዳ ሆነች። ሔርሜላ ምግብ ታቀርብላታለች፣ አብራት ግን አትበላም። "እንደምን አደርሽ" ስትላት "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ፊቷን ታዞራለች። ከቤቱ ጀርባ ሕፃኑ የተቀበረባት አንዲት ትንሽ የአፈር ጉብታ አለች፤ ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሮባታል። ሰገነት ወደዚያ ስትጠጋ ሔርሜላ ከመስኮት "እዚያ አትሂጂ!" ብላ ጮኸችባት። ከዚያ በኋላ አልሄደችም። ጠዋት ወደ ምግብ ቤቷ ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ መኝታዋን ሳሎኑ ወለል ላይ ታነጥፋለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሁለት ሦስት ጊዜ ገበያ ድረስ መጥተው ለመኗት። "የዳነ ባል ጥሎ መሄድ የተአምሩን ባለቤት መካድ ነው" አሏት። ምሳ አቀረበችላቸው፤ በልተው ሄዱ። ሪፈረንደሙ ተደረገ፤ ከተማው ጨፈረ፤ የጉዴሌ አቧራ ወፍሮ ሰነበተ። እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ባዕድ ከረሙ።

የዝናቡ ወራት ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንድሪያስ መጣ። ሩዋይ ሥራ ላይ ነበር። ሔርሜላ ልብስ ታሰጣለች፤ ሰገነት ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። ቦዳቦዳው አጥሩ ሥር ቆመና እንድሪያስ የእሑድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ በከዘራ ተደግፎ ወረደ። ያነክሳል። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል።

"ሚስቴን ልወስድ ነው የመጣሁት" አለ ከበሩ ውጭ ሆኖ፣ ልጁን ሳያይ። "እናትሽን ጥሪልኝ።"

"እዚሁ ናት። ትሰማሃለች" አለች ሔርሜላ።

"ቤቱ ፈርሷል። ሰው መሳቂያ አድርጎኛል። ይበቃታል፤ ትነሳና ትምጣ። ይህን ሁሉ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ባትወጪ እኔም ጣሪያ አልወጣ፣ እሷም..."

"አባዬ" አለች ሔርሜላ።

ከወጣችበት ቀን ጀምሮ በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም። እንድሪያስ ወደ ልጁ ቀና አለ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን እሑድ ስልኩን ስታነሳ ድምፄን ሰምተህ ነበር?"

ሰገነት የምስሩን ሰፌድ ይዛ ቀና አለች። ኔትወርክ የሚለውን ቃል ጠበቀች። አልመጣም። እንድሪያስ የጫማውን ጫፍ አየ፤ ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ደክሞት ይሁን፣ የዚያ ስም መጠራት አሸንፎት ይሁን፣ ማንም አያውቅም።

"ሰምቻለሁ" አለ።

"ምን ሰማህ?"

"ስትጮኺ። መኪና ስትዪ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ትንሽ ትቅመሰው ብዬ ነው። ሰው ንቆ መውጣት ምን እንደሆነ ትንሽ ትቅመሰው ብዬ። እንዲያ ይሆናል ብዬ አልነበረም።"

ሰገነት ሰፌዱን አስቀመጠች። ወደ በሩ ሄደች።

"ያን ሁሉ ጊዜ እግርህን ይዤ ስጠይቅህ?"

"ብነግርሽ ትተይኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ታዲያ!" አለ እንድሪያስ፣ እንደ ተረታ ሳይሆን እንደ ረታ ሰው።

ሔርሜላ በሩን ዘጋችው። ቆርቆሮው ተንኳኳ፤ መቀርቀሪያውን አስገባች። እሱ ከውጭ ትንሽ ጮኸ፤ ስለ ሕግ፣ ስለ ቃል ኪዳን፣ ስለ ሽማግሌዎች። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ተሰማ፤ ራቀ። ሰገነት ዳግመኛ አላነጋገረችውም። ኒምራ ታላታ ዛሬም በር ይሠራል ይላሉ፤ ብረቱ እንደሆነ ጠንካራ ነው፣ አልወለቀም።

እናትና ልጅ በዝግ በር ፊት ቆመው ቀሩ። ከጀበል ኩጁር ተራራ በኩል ደመና ጠቁሮ ነፋሱ የተሰጣውን ልብስ ያራግበዋል።

"አንቺ ታውቂ ነበር?" አለች ሔርሜላ።

ሰገነት አላውቅም ብትል ግማሹ እውነት ነበር። "እጠረጥር ነበር" አለች። "እየጠረጠርኩ አጠብኩት።"

ሔርሜላ ፊቷን ጨምድዳ አየቻት። እጇ ላይ የያዘችውን እርጥብ አንሶላ ጠምዝዛ ጠምዝዛ ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ። ልትመታት ነው የሚያስብል ጊዜ ነበር። ከዚያ አንሶላውን ትከሻዋ ላይ ጣለችና ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደች። ጥቂት እንደሄደች ዞር አለች።

"ነይ" አለች፣ ድምፏ እንደ ሻከረ። "ዝናቡ አፈሩን ሳያጥበው ድንጋዮቹን እናጠጋጋ። እኔ ብቻዬን አልችላቸውም።"

ሰገነት ተከተለቻት።